ፍትሕና የተማሪዎች ውጤት፦ በወረርሽኝ ጊዜ ከተሰጠው የርቀት ትምህርት የምንማረው



በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እንዳስታወቀው፣ በዚያው ወቅት በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል የሚበልጡ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለይተው ነበር። ሆኖም ትምህርቱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ተሞከረ። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የመልመጃ ወረቀቶችን በቴሌግራም ወደየቤቱ ይልኩ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መምህሩ በቤቱ፣ ተማሪውም በቤቱ ሆነው በሚማማሩበት ጊዜ የሚሰጠው ነጥብ ፍትሐዊ የሚሆነው እንዴት ነው? ጥያቄው ያለፈ ሊመስል ይችላል፤ ግን አላለፈም። በዚያ ዘመን የተሞላው ካርድ ዛሬም በልጆቻችን እጅ አለ፤ የትምህርት ቤት በር በበሽታ ወይም በሌላ ችግር እንደገና የሚዘጋበት ቀንም አይመጣም ብሎ የሚምል የለም።

1. ሁለት ተማሪዎች፣ ሁለት ነጥቦች

ነገሩን ከምናውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች እንጀምር። ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ሁለቱም ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ።

በልጅቱ ቤት የነበረው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የአባቷ ነው። አባትየው በቀን ሥራ የሚተዳደሩ በመሆናቸው ስልኩን ይዘው በማለዳ ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ነው። ትምህርት ቤቱ የወሰነው የመመለሻ ሰዓት ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር፤ ዘግይቶ የመጣ ሥራ ነጥቡ በግማሽ ይቀነሳል። ልጅቱ ማታ ማታ ጥያቄዎቹን ከስልኩ ላይ ወደ ደብተሯ እየገለበጠች፣ በማግስቱ ቀን እየሠራች፣ ማታ አባቷ ሲመለሱ መልሱን ፎቶ አንሥታ ትልካለች። የሒሳብ መልሶቿ አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ። በካርዷ ላይ የሰፈረው ነጥብ ግን 46 ነው።

ልጁ በበኩሉ የራሱ ስልክ፣ በቤቱም ኢንተርኔት ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ከቤት የዋለ፣ ምሕንድስና የሚያጠና ታላቅ ወንድምም ነበረው። ነጥቡ 94 ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ በክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ፈተና ሲሰጥ፣ ልጅቱ በደንብ ሠራች፤ ልጁ ከግማሽ በላይ የሆነውን ወረቀት ባዶውን መለሰ።

በዚያ ዓመት ለችግረኛ ተማሪዎች የክፍያ ድጋፍ የሚመርጥ ኮሚቴ ነበር፤ እኛም የኮሚቴው አባል ነበርን። ካርዱን አየን፤ 46ን አየን፤ ስልኩን ግን አላየንም። ድጋፉም ለሌላ ተሰጠ። እናትየው መጥተው «አባ፣ የወደቀችው ልጄ ናት ወይስ ስልካችን?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያን ጊዜ የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ለመፈለግ የተጻፈ ነው።

2. ነጥብ ምስክርነት ነው

ነጥብ ሽልማት ነው የሚሉ አሉ፤ ቅጣት የሚያደርጉትም አሉ። በእኛ አስተያየት ነጥብ ከሁሉ አስቀድሞ ምስክርነት ነው። መምህሩ በካርዱ ላይ ቁጥር ሲጽፍ፣ በቦታው ላልነበረ ሰው «ይህ ተማሪ ይህን ያህል ያውቃል» ብሎ መመስከሩ ነው። ምስክርነቱን የሚያነቡትም ወላጆች፣ የሚቀጥለው ዓመት መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ አሠሪ፣ እንደ እኛ ያለውም ኮሚቴ ናቸው።

እንግዲህ ምስክር በሁለት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው ያላየውን እንዳየ አድርጎ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ያየውን በርኅራኄ ወይም በፍርሃት ለውጦ መናገር ነው። ስለ ሐሰተኛ ምስክርነት የሚናገረውን ስምንተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የፍርድ ቤትን ምስክር ነው፤ የተማሪ ካርድም በዚያው ትእዛዝ ሥር እንደሚወድቅ ልብ ልንል ይገባል። ለልጅቱ የተሰጠው 46 ስለ ሒሳብ ዕውቀቷ የሚናገር መስሎ ስለ አባቷ የሥራ ሰዓት ተናገረ። ለልጁ የተሰጠው 94 ስለ እርሱ የሚናገር መስሎ ስለ ወንድሙ ተናገረ። መምህሩ የዋሸው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ምስክርነቶች ግን ትክክል አልነበሩም።

3. የእንግሊዝ አገር ምሳሌ

ይህ ችግር የድሀ አገር ብቻ እንዳይመስለን፣ ብዙ ባለሙያና ብዙ ኮምፒዩተር ባለበት አገር የሆነውን እንመልከት። በዚህ ክፍልና በሚቀጥለው ያሉት ቀኖች የአገራችን መሆኑ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች በ18 ዓመታቸው ገደማ «ኤ ሌቭል» የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ከፈተናው በፊት «ይህን ውጤት ብታመጣ እንቀበልሃለን» በማለት ቦታ ስለሚሰጡ፣ አንዲት ፊደል ዝቅ ማለት የአንድን ወጣት መንገድ ልትለውጥ ትችላለች። በማርች 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መንግሥት የዚያን ዓመት ፈተና ሰረዘ። በፈተናው ምትክም መምህራን ሁለት ነገር እንዲልኩ ታዘዙ፦ ተማሪው ቢፈተን ኖሮ ያገኘው ነበር ብለው የሚገምቱትን ውጤት፣ እንዲሁም በየትምህርቱ ተማሪዎቻቸውን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ የደረደሩበትን ዝርዝር።

የፈተና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ኦፍኳል፣ የመምህራኑ ግምት በአጠቃላይ ከቀደሙት ዓመታት ውጤት በጣም ከፍ ያለ መሆኑን አየ። እንዳለ ቢጸድቅ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሚፈተኑትን ይጎዳል ብሎ ሰጋ። ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። መፍትሔ አድርጎ የወሰደው ግን በኮምፒዩተር የሚሠራ ስሌት ነበር። ስሌቱ ትምህርት ቤቱ በ2017፣ በ2018 እና በ2019 በዚያ ትምህርት ምን ያህል ተማሪ በየትኛው ውጤት እንዳሳለፈ ይመለከታል፤ የተማሪዎቹን የቀድሞ የፈተና ውጤት በማየት ጥቂት ያስተካክላል፤ ከዚያም የመምህሩን የደረጃ ዝርዝር በዚያ ላይ ያሳርፈዋል። ባለፉት ዓመታት ከአንድ ትምህርት ቤት ከፍተኛውን ውጤት ያገኘ ከሌለ፣ የዘንድሮው ጎበዝ ያንን ውጤት ማግኘቱ እጅግ አዳጋች ይሆናል። በአንጻሩ የተማሪዎቹ ቁጥር በጣም አነስተኛ በሆነበት ክፍል ስሌቱ አስተማማኝ ስለማይሆን የመምህሩ ግምት ሳይነካ ይጸድቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ አነስተኛ ክፍል በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከፍ ያለ ክፍያ በሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ነው።

ውጤቱ ኦገስት 13 ቀን 2020 ወጣ። ከመምህራኑ ግምት ውስጥ ከ100 ወደ 39 የሚሆነው ዝቅ ተደርጎ ተገኘ። በስኮትላንድ ተመሳሳይ አሠራር ከዘጠኝ ቀን በፊት ያወጣው ውጤት ኦገስት 11 ቀን ተሽሮ ነበር። በእንግሊዝም ወጣቶች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ በአራተኛው ቀን፣ ኦገስት 17፣ መንግሥት ስሌቱን ትቶ የመምህራኑን ግምት አጸደቀ። ከዚያም የኦፍኳል ዋና ኃላፊ ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስሌቱ ለማንም ለማዳላት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በጥቅሉ ሲታይም የዚያ ዓመት ውጤት ከቀደመው ዓመት ጋር የተቀራረበ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ አገሩ ጠቅላላ ውጤት ትክክል የሆነ ቁጥር ስለ አንዷ ተማሪ ትክክል ላይሆን ይችላል። ያቺ ተማሪ «የቱን ጥያቄ ሳትሁ?» ብላ ብትጠይቅ መልስ የሚሰጣት አልነበረም፤ ምክንያቱም የሳተችው ጥያቄ የለም። የተፈረደባት ከእርሷ በፊት በዚያ ወንበር ተቀምጠው በነበሩት ተማሪዎች ውጤት ነው።

4. ሌላው ጽንፍ

አንባቢ «እንግዲያው መምህሩን አምኖ ለሁሉም ከፍ ያለ ነጥብ መስጠት ነው» ሊል ይችላል። ይህም ዋጋ አለው። በ2021 ፈተናው እንደገና በመሰረዙ ውጤቱን መምህራን ሰጡ። በ2019 በኤ ሌቭል ከተሰጡት ውጤቶች ሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች ከ100 ወደ 25 ግድም ነበሩ፤ በ2021 ወደ 45 ተጠጉ። በ2022 ፈተናው ሲመለስ ውጤቱ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ በ2023 ወደ 27 ወርዶ ከቀድሞው ጋር ተቀራረበ። ስለዚህ በ2023 የተፈተነ ወጣት ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ታላቁ ጋር እኩል አውቆ ያነሰ ፊደል ሊያገኝ ችሏል።

መምህራኑ ዋሹ አንልም። ደግ መምህር በሁለት ውጤቶች መካከል ሲጠራጠር ወደ በጎው ያዘነብላል፤ ተማሪውንም በተሻለው ቀኑ ያስበዋል። በአንድ ሰው ሲደረግ ይህ ቸርነት ነው፤ በሺህ የሚቈጠሩ መምህራን ሲያደርጉት ግን ነጥብ ምስክርነቱን ያጣል። ለሁሉም የተሰጠ ከፍተኛ ነጥብ በእውነት የደከመውን ከሌላው አይለየውም፤ ያልገባውንም ተማሪ እንዳልገባው አይነግረውም።

ሌሎች ሌላ መንገድ መረጡ። በአሜሪካ የሃርቫርድ ኮሌጅ በ2020 የጸደይ ወቅት ፊደል መስጠቱን አቁሞ፣ ውጤቱ በአስቸኳይ ጊዜ የተሰጠ መሆኑን የሚያመለክት «አጥጋቢ» ወይም «አጥጋቢ ያልሆነ» የሚል መግለጫ ብቻ ሰጠ። በአገራችን ደግሞ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ያሉት ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት እየተሰጣቸው ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እስከ 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ዘገየ። መዘግየቱ ብዙ ወጣቶችን አንገላቷል፤ ያልተማሩትን ይዘው የተዛወሩትም ጉድለቱ ተከትሏቸዋል። ያም ሆኖ በሁለቱም ውሳኔዎች ውስጥ አንድ ቅን ነገር አለ፤ ያላዩትን አይተናል አላሉም።

5. ፍትሕና ርትዕ

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ መምህር፣ ፍትሕን ሲገልጽ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለመስጠት የጸና ፈቃድ መሆኑን ያስተምራል። ለሰው ፊት ማድላት ምን እንደሆነ ሲያስረዳም ምሳሌ የሚያደርገው ከትምህርት ቤት የወሰደውን ነው። አንድ ሰው በቂ ዕውቀት ስላለው የመምህርነት ወንበር ቢሰጠው ተገቢው ምክንያት ታይቷል፤ ስለ ማንነቱ ወይም ስለ ሀብቱ ብቻ ቢሰጠው ግን ለፊቱ ተደልቷል ይላል። ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ኋላ ብንመለከት፣ ሰው ማንንም ሳይጠላና ለማንም ሳይወግን ሊያዳላ እንደሚችል እንረዳለን። ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ የተሰጠ ፊደል፣ ስለ ስልክ መኖር የተሰጠ ነጥብ፣ ሁለቱም ከዕውቀት ውጭ በሆነ ምክንያት የተሰጡ ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከአሪስጣጣሊስ ነው። ሕግ ለብዙኃኑ ሁኔታ የሚወጣ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ ያላሰበው ነገር ይገጥመዋል፤ ያን ጊዜ ሕጉን በሕግ አውጪው አሳብ የሚያቃና ርትዕ ያስፈልጋል ይላል። ለዚህም በሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ይጠቀሙበት የነበረውን መለኪያ ምሳሌ አድርጎ ያነሣል። መለኪያው እርሳስ ከተባለው ለስላሳ ማዕድን የተሠራ በመሆኑ እንደ ድንጋዩ ቅርጽ ይታጠፋል። ልብ እንበል፤ የታጠፈው ድንጋዩን በትክክል ለመለካት እንጂ መለካቱን ለመተው አይደለም።

«የዘገየ ግማሹን ያጣል» የሚለው ሕግ በደኅናው ጊዜ ጥሩ ሕግ ነው፤ ተማሪን ትጋት ያስተምራል። የሕጉ አሳብ ስንፍናን መግታት ነው። በአንድ ስልክ የሚኖር ቤተሰብ ሲገጥመው ግን ስንፍናን መግታቱ ቀርቶ ድህነትን መቅጣት ይጀምራል። ርትዕ ያለው መምህር ሕጉን ያጥፋል፤ ዕውቀቱን መለካት ግን አይተውም።

6. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ. *ነጥብ ከመስጠት በፊት እንጠይቅ።* በቤቱ ስልክ አለን? የማን ነው? በስንት ሰዓት ይገኛል? መብራትና ጸጥ ያለ ቦታ አለን? የሚያግዘው ሰው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ገጽ አይሞሉም፤ መምህሩን ግን ከብዙ ስሕተት ያድናሉ።

ለ. *መዘግየትንና ዕውቀትን እንለይ።* መዘግየቱ ይመዝገብ፤ ምክንያቱም ይጠየቅ፤ ነገር ግን ከሒሳብ ነጥብ ላይ አይቀነስ።

ሐ. *«አልታየም» እና «ዜሮ» አንድ አይደሉም።* አንድ ተማሪ ሦስት ሥራዎች ልኮ በእያንዳንዱ 80 ቢያገኝ፣ አራተኛው ሳይደርስ ቢቀርና ዜሮ ቢጻፍበት አማካዩ 60 ይሆናል። መምህሩ ያየው ግን 80 ነው። ያላየውን «አልታየም» ብሎ ይጻፍ፤ በሌላ ሥራም ይተካው።

መ. *በድምፅ እናረጋግጥ።* ኢንተርኔት በሌለበትም ተራ ስልክ ይሠራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ሦስተኛውን ጥያቄ እንዴት እንደሠራኸው አስረዳኝ» ማለት ሥራው የተማሪው ይሁን የወንድሙ ያሳያል። የሚደረገውም ለማጋለጥ ሳይሆን ያልገባውን ለማስተማር ነው።

ሠ. *ያልተማረውን አንፈትን።* በሬዲዮ የተላለፈው ትምህርት ሬዲዮ በሌለበት ቤት አልተላለፈም። የሚመዘነው ለተማሪው በእርግጥ የደረሰው ይሁን፤ ያልደረሰው በማካካሻ ይሰጥ።

ረ. *ለአቤቱታ በር እንክፈት።* ተማሪው ስለ ራሱ ሥራ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት፣ ከአንድ በላይ መምህር የሚያይበት መንገድ ይኑር። በእንግሊዝ አገር በጣም ያሳዘነው የራሱን ሥራ ይዞ የሚከራከርበት ቦታ ማጣቱ ነበር።

ሰ. *ካርዱ ሁኔታውን ይናገር።* በየትኛው ወቅት፣ በስንት ሥራ፣ በምን መንገድ እንደተመዘነ በአንድ መስመር ይጻፍ። እንደ እኛ ያለው ኮሚቴም ያንን መስመር ሳያነብ አይፍረድ።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። የልጃችሁን ሥራ ስትሠሩለት ነጥብ ትሰጡታላችሁ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ግን ትወስዱበታላችሁ። ካርድ ሲመጣም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ገባህ? ምን ቀረህ?» እንበል። ደረጃ የሚነግረን ልጃችን ከሌሎች ልጆች አንጻር የት እንደቆመ ነው፤ ያወቀውን አይነግረንም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከዚህ አትርቁ። ለምሥጢራት የሚዘጋጁትን ስትመዝኑ፣ ከሩቅ መንደር የሚመጣውን ከቁምስናው አጠገብ ከሚኖረው ጋር በመቅረት ቁጥር ብቻ አታወዳድሩ። የቀረው በምን ምክንያት እንደቀረ፣ የተማረውንም እንዴት እንደያዘው ጠይቁ፤ የጎደለውን ግን ሳታስተምሩ አትለፉት።

መደምደሚያ

የእናትየውን ጥያቄ ዛሬ እንመልስ። የወደቀችው ልጅዎ አይደለችም፤ ስልኩም አይደለም። የወደቅነው ሳንጠይቅ የፈረድነው ነን። ይህንን ለእናትየው በቃል ነግረናቸዋል። ኮሚቴውም ከዚያ ወዲህ ካርድ ብቻ አይመለከትም፤ ተማሪውን ጠርቶ ያነጋግራል። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ድጋፉን አገኘች፤ ያለፈውን ዓመት ክፍያ ግን አባቷ ተበድረው ከፍለዋል። ያንን ዓመት ልንመልስላቸው አንችልም። ፍትሕ ሲዘገይ ሙሉ ሆኖ እንደማይመለስ ከዚህ እንማራለን፤ ስለዚህ የሚቀጥለው በር ሳይዘጋ ከአሁኑ እናስብበት።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በ2012 ዓ.ም. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የነበረ ተማሪ ያገኘው ነጥብ ስለ ዕውቀቱ ምን ያህል መሰከረ? ስለ ሌላ ነገርስ?
2. በርኅራኄ የተሰጠ ከፍተኛ ነጥብ ተማሪውን የሚጎዳው መቼ ነው?
3. በቁምስናችሁ ለድጋፍ ወይም ለኃላፊነት ሰው ስትመርጡ በወረቀት ላይ የማይታየውን የምታዩት በምን መንገድ ነው?